የተራራው በር መቼ ይከፈታል?

ሰሞኑን ስለ ህንድ ውቅያኖስ ንግድና ስለ ሞንሱን ነፋስ ሳስተምር የኬዳርናትን ነገር ጠቀስኩ። አንዱ ተማሪ እጁን አወጣና "ቲቸር፣ ዝናቡ መቼ እንደሚገባ ከጥንት ጀምሮ ካወቁ፣ ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ለምን አለቀ?" አለኝ። ደወል ተደወለ። "የተፈጥሮ አደጋ ነው" ብዬ ወጣሁ። ማታ ግን መልሴ አሳፈረኝ። እስቲ በደንብ ልመልስ።

ኬዳርናት በሰሜን ህንድ፣ በሂማላያ ተራራ ላይ ያለ የሺቫ ቤተ መቅደስ ነው። ከፍታው 3,583 ሜትር ነው። ከጋውሪኩንድ ተነስቶ ወደ 16 ኪሎ ሜትር ዳገት በእግር ወይም በበቅሎ ይወጣል።

እዚያ ወቅት የሚመርጠው ተጓዡ ብቻ አይደለም፣ ቤተ መቅደሱ ራሱ ነው። ክረምታቸው በረዶ ስለሆነ ከዲዋሊ በዓል ሁለት ቀን በኋላ በሩ ይዘጋል። ካህናቱ የሺቫን ምስል በትከሻ ተሸክመው ኡኪማት ወደሚባል ዝቅ ያለ ከተማ ይወርዳሉ። የሚከፈትበት ቀን በሺቫራትሪ በዓል ይነገራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሚያዝያ መጨረሻ ወይም ግንቦት ላይ ይውላል። ስለዚህ ክፍት የሚሆነው ለስድስት ወር ገደማ ነው።

ከስድስቱ ወር ግን ሁሉም እኩል አይደለም። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም መጀመሪያ ሞንሱን ይገባል፤ ዳገቱ ይናዳል፣ መንገድ ይቆረጣል። ስለዚህ ሰው የሚመርጠው ወይ ከዝናቡ በፊት ወይ ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ይሄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የግሸን ማርያም ንግሥም መስከረም 21 ነው፣ ክረምቱ ከወጣ በኋላ።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 2013 (በእኛ ሰኔ 2005) የሄዱት ሰዎችም በደንቡ መሠረት ነበር የሄዱት። ጊዜው ዋናው የጉዞ ወቅት ነው። ሞንሱኑ ግን በዚያ ዓመት ቀድሞ ገባ። ያለማቋረጥ ዘነበ፣ ያልቀለጠው በረዶም ቀለጠ። ከቤተ መቅደሱ በላይ ያለው የቾራባሪ ሐይቅ ሞላና ሰኔ 17 ቀን ጠዋት (በእኛ ሰኔ 10) ግድቡን ጥሶ ወረደ። በአካባቢው ከ5,000 በላይ ሰዎች ሞቱ ወይም የደረሱበት ጠፋ።

ቤተ መቅደሱ ግን ቆመ። ከኋላው ተንከባሎ የመጣ ትልቅ ቋጥኝ ጎርፉን ለሁለት ከፈለው። ምእመናን ተአምር ነው ይላሉ። እኔ ግን ተማሪዬ እንዲያስተውል የምፈልገው ሌላውን ነው፦ የፈረሰው ምኑ ነው? በማንዳኪኒ ወንዝ ዳር የተደረደረው የእንግዳ ማረፊያ፣ ሱቅና መንገድ። የቱሪስት ገንዘብ ሲበዛ ሰው ወደ ወንዙ አፍ ተጠጋ።

እና መልሴ ይሄ ነው፦ ካሌንደሩ አልዋሸም። ካሌንደር ግን የብዙ ዓመት ልምድ ነው እንጂ ለአንድ ዓመት የተሰጠ ዋስትና አይደለም። አባቶች ቀኑን ነገሩን፤ ወንዝ ዳር ቤት ሥሩ ግን አላሉንም። ዝናቡን ማስቀረት አይቻልም፤ መንገዱን ለቆ መሥራት ግን ይቻል ነበር።

ነገ ክፍል ገብቼ ይሄንኑ እነግረዋለሁ። "የተፈጥሮ አደጋ" ብዬ መሸሼንም ጨምሬ።

እናንተ አካባቢስ ወንዙ አፍ ላይ የተሠራ ነገር የለም? እስቲ ጻፉልኝ።