የሞተር ጀልባ የኤሌክትሪክ ብልሽት ፍተሻ

የሞተር ማስነሻውን፣ መብራቱንና የውሃ ማውጫ ፓምፑን የሚያሠራው መስመር የተቋረጠበትን ወይም የደከመበትን ቦታ ከባትሪው ተነሥቶ በቅደም ተከተል የመለየት ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ጣና ደሴት ገዳማት ጎብኚ የሚያመላልሱ ጀልባዎች ይህን ፍተሻ ይሻሉ። የተለመደው መስመር 12 ቮልት ነው። ሙሉ የተሞላ የእርሳስ አሲድ ባትሪ ባረፈበት 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ እየሠራ መጠኑ ወደ 14 ካልተጠጋ ጥርጣሬው ወደ ዲናሞው ያመራል። ባትሪው ደህና ሆኖ ሞተሩ እንቢ ሲል ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የዛገ ወይም የላላ የባትሪ ማሰሪያ ነው፤ ቁልፉ ሲዞር በማሰሪያውና በባትሪው ጫፍ መካከል የሚለካ ቮልት ይህን ያጋልጣል። ደጋግሞ የሚቃጠል ፊውዝ ብዙ ጊዜ እርስ በርሱ የተነካካ ሽቦ ምልክት ነው። በወፍራም ፊውዝ መተካት ሽቦውን ለእሳት ስለሚዳርግ ፈጽሞ አይፈቀድም። የጣና ውሃ ጨው አልባ በመሆኑ ዝገቱ ከባሕር ላይ ይልቅ ዝግ ይላል።