ዋረን ሙንና የኤድመንተን ስድስት ዓመታት

በካናዳና በአሜሪካ ፉትቦል የሚባለው ጨዋታ እኛ ከምናውቀው የእግር ኳስ የተለየ ነው፤ ሞላላውን ኳስ በእጅ ይዞ መሮጥና መወርወር ዋናው ሥራ ነው። ኳሱን ከመሐል ተቀብሎ ለማን እንደሚሰጥ በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ የሚወስነው የቡድኑ መሪ ኳርተርባክ ይባላል። ይህ የመሪነት ቦታ በአሜሪካ ለጥቁር ተጫዋች እምብዛም አይሰጥም ነበር። የዋረን ሙን ታሪክ መመርመር የሚገባውም ስለዚህ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሙን በ1956 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ተወለደ። በ1978 ጥር ወር በሲያትል የሚገኘውን የዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲን ቡድን መርቶ ሚሺጋንን 27 ለ20 አሸነፈ፤ የግጥሚያውም ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ሆኖም በዚያው ዓመት በተደረገው የተጫዋቾች ምርጫ ከ28ቱ የአሜሪካ ክለቦች አንዱም አልመረጠውም። በእርግጥ ሙን ምርጫው ከመድረሱ በፊት ለካናዳው የኤድመንተን ክለብ ፈርሞ ነበርና፣ ያልተመረጠው ስለዚህ ነው የሚል ተከራካሪ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን ይህ ክርክር ምክንያቱንና ውጤቱን ያዛውራል። አስቀድሞ የፈረመው፣ ኳርተርባክነቱን ትቶ በሌላ ቦታ እንዲጫወት ሐሳብ ይቀርብለት ስለ ነበረ ነው። «ነቢይ በአገሩ አይከበርም» የሚለው ብሂልም ለዚህ ሙሉ መልስ አይሆንም፤ ነጭ ኳርተርባኮች በዚያው አገር ይከበሩ ነበርና።

ወደ ካናዳ የሚወስደው መንገድ ግን አስቀድሞ ተጠርጎ ነበር። በ1951 በርኒ ከስቲስ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ በሃሚልተን ክለብ በኳርተርባክነት ተሰልፎ ነበር። የጨዋታውም ሕግ ለሙን ችሎታ የተመቸ ነበር። በአሜሪካ አሥር ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ ሲፈቀድ በካናዳ የሚፈቀደው ሦስት ብቻ ነው፤ ሜዳውም 110 ያርድ ርዝመትና 65 ያርድ ስፋት ስላለው ከአሜሪካው ይበልጣል። በዚህ ምክንያት ኳሱን አርቆ የሚወረውር ሰው ይፈለጋል። ይህ ማለት ግን ካናዳ ከዘር አድልዎ ንጹሕ ነበረች ማለት አይደለም።

ሙን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቦታውን ከአንጋፋው ቶም ዊልኪንሰን ጋር እየተካፈለ ተማረ። ኤድመንተን ግሬይ ካፕ የተባለውን ዋንጫ ከ1978 እስከ 1982 አምስት ጊዜ በተከታታይ ወሰደ። በ1982 የሙን ውርወራ 5,000 ያርድ፣ በ1983 ደግሞ 5,648 ያርድ ደረሰ። በ1984 የአሜሪካ ክለቦች ተሻሙበት፤ እሱም በኤድመንተን አሠልጣኙ የነበረው ሂው ካምቤል ወደ ተሾመበት ወደ ሂዩስተን ሄደ። እስከ 2000 ከተጫወተ በኋላ በ2001 በካናዳ፣ በ2006 ደግሞ በአሜሪካ የፉትቦል የክብር አዳራሽ ገባ፤ በአሜሪካው አዳራሽ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ እሱ ነው።

እንግዲህ እነዚህ ስድስት ዓመታት ለሙን ትምህርት ቤት ሆነውታል፤ በአሜሪካ ክለቦች ላይ ግን ምስክር ሆነዋል። በ1978 የጎደለው ችሎታ ቢሆን ኖሮ፣ በ1984 የሚሻማ ባልተገኘ ነበር። የሙን ስም በመዝገብ የቀረው ድንበሩን ተሻግሮ የሚጫወትበት ሜዳ ስላገኘ ነው። ቦታቸውን እንዲለውጡ ተነግሯቸው እሺ ያሉትን ግን የውጤት መዝገብ አያውቃቸውም፤ የታሪክ ተማሪ ሊፈልጋቸው የሚገባው እነዚህን ነው።