ርስትና መክሊት፤ ቤተ ክርስቲያን በምን ኖረች?

ኢዮቤልዩ የሚለው ቃል ከዕብራይስጥ የመጣ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተጻፈው ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ በ50ኛው ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋል፤ የተሸጠውም ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። መጽሐፈ ኩፋሌም ዘመናትን በዚሁ በኢዮቤልዩ ይቈጥራል። እንግዲህ የኢዮቤልዩ ነገር ከመሠረቱ የመሬት ነገር ነው፤ ምድሪቱ የእግዚአብሔር ናትና፣ ሰው ግን በእርስዋ ላይ መጻተኛና መጋቢ ነውና። ስለዚህ ደብራችን በዓልዋን በምታከብርበት በዚህ መጽሐፍ፣ አባቶቻችን ቤተ ክርስቲያንን በምን እንዳቆዩዋት ጥቂት ልጽፍ ወደድሁ። ክቡራን አባቶቼና ወንድሞቼ፣ እናቶቼና እኅቶቼ ሆይ፤ የቅኔ ቤት ሰው ቃልን ሳይፈታ አያልፍምና ታገሡኝ።

የቀደሙት ነገሥታት ቤተ ክርስቲያን ባሠሩ ጊዜ ጕልት ይተክሉላት ነበረ። የስጦታውም ቃል ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በወንጌሉ በራሱ ባዶ ቅጠል ላይ ነው። በሽመዛና በደብረ ሊባኖስ ገዳም በነበረው በወንጌለ ወርቅ ንጉሥ ላሊበላ የሰጠው ርስት ተጽፎ ይገኛል። እንዲህ ባለው ጽሑፍ መጨረሻም ይህን ሥርዓት የሚያፈርስ ሁሉ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን የሚናገር የግዝት ቃል ይታከልበታል። ኋላም በጎንደር ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ደብረ ፀሐይ ቍስቋምን አሠርተው ለካህናቱ መተዳደሪያ ርስት መድበው ነበረ።

ለአገልጋዮቹ የሚከፈለው መሬት የሰሞን መሬት ይባል ነበረ። ሰሞን ማለት በግእዝ ሰሙን ነው፤ ይኸውም ሳምንት። መሬቱ በስሙ ያለ ሰው ሳምንቱ በደረሰ ጊዜ ወይ ራሱ ገብቶ ያገለግላል፣ ወይም በፈንታው ሌላ ካህን ያቆማል። መሬቱን ምዕመንም ሆነ ሴት ልጅ ብትወርሰው የአገልግሎቱ ዕዳ አብሮ ይወረሳል። ይህ እጅግ የሚያስደንቅ አሠራር ነው፤ መሬቱ ሀብት ብቻ ሳይሆን አደራም ነበረና።

ሆኖም ሙታንን መውቀስ አይሁንብኝና፣ አንድ ጕድለት ነበረበት። አራሹ ገባር ላቡን ያፈስስ ነበረ፤ ባለ መሬቱ ደግሞ ምንደኛ አቁሞ በቤቱ ይቀመጥ ጀመረ። ሕዝቡም ቤተ ክርስቲያን መሬት አላት ብሎ ስእለቱንና ጧፉን፣ ዕጣኑንና ዘቢቡን ከማምጣት በቀር ካህኑ ምን በልቶ እንደሚያድር አይጠይቅም ነበረ።

በ1965 ዓመተ ምሕረት በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና ቃለ ዓዋዲ ወጣ። ዓዋዲ ማለት አዋጅ ነጋሪ ነው፤ ስሙም በምድረ በዳ ከሚጮኸው ድምፅ ተወሰደ። በዚህም ደንብ ካህናት፣ ምዕመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድ ሰበካ ጉባኤ እንዲቀመጡ፣ የቤተ ክርስቲያኑንም ገንዘብ በደረሰኝና በመዝገብ እንዲጠብቁ ተሠራ። ያን ጊዜ ብዙዎች ይህን ነገር እንደ ትርፍ ሥራ ቈጥረውት ነበረ ይባላል። ነገር ግን ብዙ ሳይቈይ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓመተ ምሕረት የገጠሩ መሬት፣ በዚያው ዓመት በሐምሌም የከተማው ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ተወረሰ። ከላሊበላ ዘመን ጀምሮ በግዝት የታጠረው ርስት በአንድ ዓመት ውስጥ ሄደ። ፓትርያርኩም በ1968 ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ተገደሉ። የተከሉት ጉባኤ ግን ቀረ።

እኔ ያን ጊዜ ገና ጨቅላ ነበርሁና ያየሁትን ሳይሆን ሽማግሎች ያጫወቱኝን እጽፋለሁ። በአገራችን አንዳንዱ ካህን ወደ እርሻ፣ አንዳንዱም ወደ ንግድ ሄደ፤ የቀሩት ግን ሳምንታቸውን ሳያስታጕሉ ይቀድሱ ነበረ። ሴቶቹም በየወሩ በዓል እህል በቍና እየሰፈሩ ወደ ደጀ ሰላም ያመጡ ጀመሩ፤ ይህን እንዲያደርጉ ያዘዛቸው አልነበረም። የዛሬው ወርኃዊ መዋጮ ከዚያ ቍና የተወለደ ይመስለኛል።

አሁን ወደ መክሊት ልመለስ። መክሊት በወንጌል የብር ሚዛን ነው፤ በአማርኛችን ግን ከገንዘቡ ይልቅ ለተሰጠ ጸጋ ሆኖ ቀረ። ይህን ፍቺ ከቅኔ ቤት የበለጠ የሚያስረዳ የለም። መምህሩ ለትምህርቱ ዋጋ አይቀበልም፤ ተማሪው ደበሎ ለብሶ አኵፋዳ አንግቦ ከደጅ ደጅ ቍራሽ ይለምናል። ቍራሹን የምትሰጠው እናት ከቅኔው አንዲት ቃል አትሰማም፤ ሆኖም የሚዘረፈው ቅኔ እኩሌታው የእርስዋ ነው።

እኔም በዚያ ቍራሽ ተምሬ፣ ወደ ከተማ ከገባሁ በኋላ 11 ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ አላስተማርሁም። ደመወዝ አገኝ ነበረ፤ በበዓልም ቅኔዬን እየተቀኘሁ እመሰገን ነበረ። ብሩን በመሬት ቈፍሮ የቀበረውን ባሪያ ታሪክ በዐውደ ምሕረት ስተረጕም ስለ ሌላ ሰው የምናገር ይመስለኝ ነበረ።

የሰበካችንን መዝገብ ያየ ሰው ሥርዓቱን ያመሰግናል። የሙዳየ ምጽዋቱ ቈጠራ፣ ዐሥራቱ፣ ስእለቱ፣ ሁሉም በየረድፉ ተጽፎአል። ባለፈው ክረምት የቤተ ልሔሙን ጣራ ያለ ዋጋ የጠገነው ወንድም ግን በየትኛውም ገጽ የለም። ለልጆች ሒሳብ የምታስተምረው እኅት፣ ሕመምተኞችን እየዞረች የምትጠይቀው ነርስ፣ እነርሱም የሉም። ከርስቱ በኋላ ገንዘቡን ማወቅ ተማርን፤ እጁንና ዕውቀቱን መቍጠር ገና አልጀመርንም።

ስለዚህ ከአንድ ወር በፊት በሰበካ ጉባኤው ስብሰባ ለመዝገቡ አንድ ቅጠል እንዲጨመርለት ለመንሁ፤ በእርሱም እያንዳንዱ ምዕመን የሚያውቀውን ሥራና በሳምንት ሊሰጥ የሚችለውን ሰዓት ይጽፍበታል። ከበዓሉ በኋላ እንነጋገርበታለን ተባለ። እኔ ግን ስሜን በራሴ ደብተር አስቀድሜ ጽፌአለሁ፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ከሠርክ ጸሎት በኋላ፣ ቅኔ። እስከ ዛሬ ሁለት ልጆች መጥተዋል፤ ታናሹ ጉባኤ ቃና ጀምሮአል።