ለአዲስ የሶፍትዌር ሥራ የፕሮግራም ቋንቋ ሲመረጥ ሊታዩ የሚገባቸው ጉዳዮች

መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶች አዲስ ሶፍትዌር ሲያሠሩ በአብዛኛው ትኩረት የሚሰጡት ለዋጋውና ለማስረከቢያ ጊዜው ነው። ፕሮግራሙ በየትኛው የኮምፒዩተር ቋንቋ ይጻፍ የሚለው ጥያቄ ለባለሙያ ብቻ ሲተው ይስተዋላል። ይሁንና ውሳኔው የመሥሪያ ቤቱን የረጅም ጊዜ ወጪና የባለሙያ ፍላጎት የሚነካ በመሆኑ የሥራ ኃላፊዎችም መሠረታዊ ጉዳዮቹን ማወቃቸው ተገቢ ነው።

ለዚህም የአሜሪካዋ የኒው ጀርሲ ግዛት ተሞክሮ ማሳያ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ የሥራ አጥነት ድጎማ ጠያቂዎች ቁጥር በድንገት ሲያሻቅብ፣ የግዛቲቱ አስተዳዳሪ ፊል መርፊ ኮቦል የተሰኘውን ቋንቋ የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች እንዲተባበሩ በይፋ ጠይቀዋል። ኮቦል እ.ኤ.አ. በ1959 መነደፍ የጀመረ ቋንቋ ሲሆን፣ የግዛቲቱ ነባር ሥርዓትም በእርሱ የተጻፈ ነበር። ችግሩ ሥርዓቱን የሚረዱ ባለሙያዎች ቁጥር መመናመኑ ነበር።

ቋንቋዎች እንደየተፈጠሩበት ዓላማ የየራሳቸው ጥንካሬና ድክመት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዴኒስ ሪቺ የተፈጠረው ሲ እጅግ ፈጣን ቢሆንም፣ የማህደረ ትውስታ አጠቃቀምን ለጸሐፊው ጥንቃቄ የሚተው በመሆኑ ስህተት ሲፈጠር ለጥቃት ያጋልጣል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደኅንነት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር፣ ተቋማት በተቻለ መጠን ይህን አደጋ ወደሚቀንሱ እንደ ጃቫ፣ ሲ ሻርፕ፣ ጎ እና ረስት ወዳሉ ቋንቋዎች እንዲያዘነብሉ አሳስቧል።

እ.ኤ.አ. በ1995 ይፋ የሆነው ጃቫ በርካታ ባለሙያዎች በጋራ ለሚሠሯቸው ሰፋፊ ሥርዓቶች ይመረጣል። በኢትዮጵያ የጤና ዘርፍ ጭምር አገልግሎት ላይ የዋለው ዲ ኤች አይ ኤስ 2 የተጻፈው በዚሁ ቋንቋ ነው። ፓይተን ለመማርና ለማንበብ ቀላል፣ ለመረጃ ትንተናም ምቹ ሲሆን በፍጥነት ረገድ ከጃቫ ያንሳል። ፒ ኤች ፒ ደግሞ ድረ ገጾችን በአነስተኛ ወጪ ለመሥራት ያገለግላል።

በአገራችን ሁኔታ በተለይ የአማርኛ ጽሑፍና የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ ሊጤን ይገባል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ቢገባም ቋንቋዎች ፊደሉን የሚያስተናግዱበት መንገድ ይለያያል። ለምሳሌ «አበበ» የሚለውን ስም ፓይተን 3 ሦስት ፊደል ብሎ ሲቆጥር፣ የፒ ኤች ፒ መደበኛ መቁጠሪያ ግን ዘጠኝ ይላል፤ እያንዳንዱ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ ሦስት ባይት ስለሚይዝ ነው። ጸሐፊው ለዚሁ የተዘጋጀውን ሌላ መቁጠሪያ ካልተጠቀመ የባለጉዳይ ስም ከመካከል ተቆርጦ ሊመዘገብ ይችላል። እንዲሁም ጃቫን ጨምሮ የብዙ ቋንቋዎች መደበኛ የቀን መሣሪያዎች አሥራ ሦስት ወር የሚያውቁ ባለመሆናቸው፣ ተጨማሪ መሣሪያ ካልታከለ በጳጉሜን የተወለደ ሰው የልደት ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማስመዝገብ ሊሳነው ይችላል።

የቋንቋው ዕትም የድጋፍ ዘመንም ሌላው መመዘኛ ነው። የፓይተን 2 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2020 ያበቃ ሲሆን፣ በእርሱ የተጻፉ በርካታ ፕሮግራሞች ሳይሻሻሉ በፓይተን 3 መሥራት አልቻሉም።

በመሆኑም የጨረታ ሰነድ ሲዘጋጅ ጥቂት ጥያቄዎችን ማካተት ይበጃል። ቋንቋውን የሚያውቁ ባለሙያዎች በአገር ውስጥ በበቂ ቁጥር ይገኛሉን? የዕትሙ ድጋፍ እስከ መቼ ይዘልቃል? የአማርኛ ጽሑፍና ጳጉሜን በናሙና ተፈትነዋልን? ምንጭ ኮዱና የአሠራር ሰነዱ ለመሥሪያ ቤቱ ይተላለፋሉን? የአቅራቢው ምላሽ በጽሑፍ ተይዞ የውሉ አካል ቢሆን፣ ሥራውን የጀመሩት ባለሙያዎች ቢለቁም ተተኪዎቻቸው አገልግሎቱን ሳይቋረጥ ማስቀጠል ይቀልላቸዋል።