10 ጎል ያገባ አጥቂ፣ ጎል ያላገባ ቡድን

መንግሥቱ ወርቁን የማያውቅ የኳስ ወዳጅ የለም ይባላል። እስቲ እንሞክረው። መንግሥቱ ማነው? “የጊዮርጊሱ አጥቂ ነዋ! ግብፅ ላይ አራተኛዋን ያገባው!” ጎበዝ። አሰልጣኝ ሆኖስ ምን ሠራ? እዚህ ላይ ሁሉም ወደ ማኪያቶው ያጎነብሳል።

ዛሬ የምናወጋው ስለዚያኛው፣ ስለ አሰልጣኙ መንግሥቱ ነው። አንቱ ልንለው በተገባ ነበር። ግን ተጫዋችን አንቱ ማለት አፋችን አልለመደም፤ ጋሽ መንግሥቱ ነፍሳቸውን ይማረውና ይቅር ይበሉን።

የተጫዋቹን ታሪክ አባቶቻችን ስለጨረሱት እኛ በፍጥነት እንለፈው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥር 21 ቀን 1962) በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም፣ የሦስተኛው አፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፣ ሁለት ጊዜም አቻ ሆንን። ጭማሪ ሰዓት ገባ። ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛዋን፣ መንግሥቱ አራተኛዋን አከለ። 4 ለ 2። ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። መንግሥቱ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያ ላይ ካገባቸው ሁለት ጎሎች ጋር በሦስት ጎል ከግብፁ ባዳዊ ጋር ኮከብ ግብ አግቢነቱን ተጋራ። በአፍሪካ ዋንጫ በጠቅላላ ያገባው 10 ነው፤ ከኢትዮጵያውያን የሚበልጠው የለም።

ይሄን ሁሉ እናውቃለን። የምንረሳው ያን ቡድን ማን እንደመራው ነው። ይድነቃቸው ተሰማ ነበር፤ ኋላ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስኪሞት የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የሆነው ይድነቃቸው። እሱም የጊዮርጊስ ተጫዋች የነበረ ሰው ነው። ማለትም የ1954ቱ ዋንጫ ራሱ ከመጫወት ወደ ማሠልጠን የተሻገረ ሰው ሥራ ነበር። ከሜዳ የወረደ ልጅ ያየውን ይዞ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። ከዚያ ቡድን ሁለት ተጫዋቾች በዚሁ መንገድ ሄደው ብሔራዊ ቡድኑን አሠለጠኑ፤ ሉቺያኖና መንግሥቱ። ሉቺያኖ በደርግ ዘመን ተሰዶ ጣሊያን ገባ፤ መስከረም 2015 ዓ.ም. አረፈ። በዋንጫ ፎቶ መሃል የቆመ ሰው ዕውቀቱን ባሕር ማዶ ይዞት ሄደ። ይሄ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል። አንድ ቀን እንመለስበታለን።

አንድ ነገር ግን እዚህ ጋ ሳናነሳ ብናልፍ ይቆጨናል። የዚያ ዘመን ቡድን ልጆች በብዛት ከአዲስ አበባ፣ ከአስመራና ከድሬዳዋ ነበሩ። ለምን? ሌላው አገር ኳስ ስላልወደደ አይደለም! ኳስ ባቡርና ፋብሪካ ተከትሎ ስለሄደ ነው። የድሬዳዋው ኮተን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን ነበር፤ ከተማዋም የባቡር ከተማ ናት። ፋብሪካ ባለበት ደመወዝ፣ ሜዳ፣ ማሊያና አሰልጣኝ አለ።

ከመሃላችን አንዷ የመካነ ሰላም ልጅ ናት። ከደሴ በአቀስታ በኩል ደጋ ደጋውን የሚኬድበት፣ የቦረና አገር። እዚያ ባቡር አልደረሰም፤ የደረሰው ሬዲዮ ነው። ልጆቹ ኳስ አላጡም፣ ጨርቅ ጠቅልለው ይሠሩታል። እግርም አላጡም፤ ያን ዳገት የሚወጣ ልጅ ትንፋሽ ቢቸግረው ይገርማል። የጠፋው “አንተ እዚህ ቁም፣ አንተ ለእሱ አቀብል” የሚል ሰው ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ የስፖርት አስተማሪው ደግ ከሆነ እሱ ነው አሰልጣኙ። እሱ ሲዛወር ቡድኑም አብሮ ይዛወራል፤ ልጆቹ ግን ይቀራሉ።

ወደ መንግሥቱ እንመለስ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1982 (በእኛ 1974) በሊቢያ አፍሪካ ዋንጫ የኢትዮጵያ አሰልጣኝ እሱ ነበር። በ1954 አራት አገሮች ብቻ ናቸው የተወዳደሩት፤ እኛም አዘጋጅ ስለነበርን ያለ ማጣሪያ ገባን። በ1974 ግን ውድድሩ ስምንት አገሮች የሚሳተፉበት ሆኗል፤ ሊቢያ በአዘጋጅነቷ፣ ናይጄሪያ በሻምፒዮንነቷ ሲያልፉ ለቀረው አፍሪካ ስድስት ቦታ ነበር የተረፈው። ከስድስቱ አንዷን ያገኘው የመንግሥቱ ቡድን ነው። በአገር ቤት ደግሞ ቀይ ሽብር ካለፈ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው፤ በሰሜን ጦርነት አለ።

ምድቡ ናይጄሪያ፣ ዛምቢያና አልጄሪያ! በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፍን። ከአልጄሪያ ጋር 0 ለ 0 ወጣን። ሦስት ጨዋታ፣ አንድ ነጥብ፣ ዜሮ ጎል። በአፍሪካ ዋንጫ 10 ጎል ያገባ ሰው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድም ጎል ሳያይ ተመለሰ። ገብቶ እንዳያገባ ዕድሜው አልፏል።

አልጄሪያ ማለፏን አረጋግጣ ስለነበር ዘና ብላ ተጫወተች የሚል ይኖራል፤ ይሁን። ግን ይቺው አልጄሪያ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በስፔኑ የዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 የረታች ናት። ከሦስት ወር በፊት በእኛ መረብ ላይ አንድ ጎል ማስቆጠር አልቻለችም። ይሄንን ውጤት በየትኛው ካፌ ሲወራ ሰማችሁ?

እኛ እንደምናስበው፣ ጎል ስም አለው። ኢታሎ አገባ፣ መንግሥቱ አገባ ይባላል። ያልገባብህ ጎል ግን ስም የለውም፤ ማለፍም በራዲዮ የሚጮኽ ነገር አይደለም። አሰልጣኝን የምናስታውሰው ስንሸነፍ ነው፤ ያኔም ለማባረር። ከመንግሥቱ በኋላ ስንቱ ተቀጥሮ ስንቱ ተባረረ! የውጭውም የአገር ውስጡም። ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ ግን 31 ዓመት ፈጀብን። ያ ሁሉ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው የ1974ቱ ማለፍ ምን ያህል ከባድ ሥራ እንደነበረ የሚገባው።

የተመለስነው በሰውነት ቢሻው ዘመን፣ በደቡብ አፍሪካ ነው። የመጀመሪያ ጨዋታችን ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር፤ አዎ፣ ያው ጥር 13፣ ልክ በ51 ዓመቱ። ተጋጣሚያችንም ያችው ዛምቢያ፣ አሁን የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆና። ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፣ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ፣ ዛምቢያ መራች። በሁለተኛው አጋማሽ አዳነ ግርማ አገባና 1 ለ 1 ሆነ። ከ1968 ዓ.ም. ወዲህ በአፍሪካ ዋንጫ ያገባናት የመጀመሪያዋ ጎል ነበረች። ቀጥሎ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ወጣን።

መንግሥቱ ይቺን ጎል አላያትም። ያረፈው ከሁለት ዓመት ከአንድ ወር በፊት፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው።