ስሙ ከምርመራው የቀደመበት በሽታ

እ.ኤ.አ. በ1974 ለንደን ውስጥ ተመራማሪዎቹ ቦታዞ፣ ዶኒያክና ባልደረባቸው ከሰው የተገኘ ቆሽት አቀዝቅዘው፣ በስሱ ቆርጠው፣ የስኳር ሕሙማን ሴረም አፈሰሱበት። የቆሽቱ ባለቤት የደም ዓይነቱ ኦ መሆን ነበረበት፤ አለዚያ ውጤቱ ይምታታል። የሚያበራ ቀለም ሲጨመርበት ኢንሱሊን የሚመነጭባቸው የሕዋስ ደሴቶች በማይክሮስኮፕ አበሩ። በሕሙማኑ ደም ውስጥ የገዛ ቆሽታቸውን እንደ ጠላት የሚቆጥር ፀረ እንግዳ አካል ነበረ። በ1990 ደግሞ ከዋነኞቹ ዒላማዎች አንዱ ጋድ የሚባለው ኢንዛይም መሆኑ ታወቀ፤ ምርመራውም የቆሽት ቁራጭ መፈለጉ ቀረ። ዓይነት አንድ ስኳር ማለት እንዲህ ያለ ደም ያለው ልጅ ወይም ወጣት ነው ተብሎ በየመጽሐፉ ተጻፈ። የተመረመሩት ግን ባብዛኛው አውሮፓውያን ነበሩ።

እኔ ጎንደር በስኳር ክሊኒክ ነርስ ሆኜ ስሠራ ይመጡ የነበሩት ገበሬዎች መጽሐፎቹ ከሚሉት ጋር አይገጥሙም ነበር። ሃያዎቹን ያጋመሱ፣ የከሱ፣ ከሴት ይልቅ ወንድ የሚበዛባቸው። ጣታቸውን ስንወጋ መለኪያው ቁጥር መስጠት ትቶ «ሃይ»፣ ማለትም ከመጠን በላይ፣ ይላል፤ ሰውየው ግን ከገጠር በእግሩ መጥቶ ወረፋ ጠብቋል። ሽንቱ ውስጥ ኢንሱሊን ሲያጥር ሰውነት ስብ አንድዶ የሚያወጣው ኬቶን ይህን ያህል የለም። «ሲስተር፣ ስኳር በቤቴ ገብቶ አያውቅ፤ ይኼ ከየት መጣብኝ?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ የከተሜ በሽታ ሲሉት የሰሙት ነገር ነው እነሱን ያገኛቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 ለእንዲህ ያሉት ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር የሚል ክፍል አበጀላቸው። መለያው ዕድሜ፣ ክሳትና የኬቶን ማነስ ነበር እንጂ ፀረ እንግዳ አካል አልነበረም። ድሃ ሆኖ የከሳ ሁሉ በረሃብ ታመመ ማለት ለእኔ ችኮላ ነው። ድርጅቱ በ1999 ማስረጃ አነሰ ብሎ ክፍሉን ሰረዘ፤ ሕሙማኑ ግን መምጣታቸውን አላቆሙም። በ2009 ተመራማሪዋ ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቿ ዲያቤቶሎጂያ በተባለው መጽሔት ላይ ጉዳዩ እንደገና ይከፈት ወይ ብለው ጠየቁ።

ጥያቄውን ተከትሎ የጎንደር አካባቢ አማሮች ደምና ጄን ተመረመረ። በ2020 የወጣው ውጤት ብዙዎችን ያስገረመ ይመስለኛል፤ እኔን አስገርሞኛል። የሕመማቸው መልክ ቢለይም አብዛኞቹን የያዛቸው ያው በመጽሐፍ ያለው ዓይነት አንድ ነው። ከዚያው አገር ወደ እስራኤል የሄዱት የቤተ እስራኤል ልጆችም ላይ ዓይነት አንድ በርክቶ ታይቷል፤ እዚያ ያሉ ተመራማሪዎች በ2004 ከጄናቸው ሌላ አዲሱ አካባቢም ድርሻ እንዳለው ጽፈዋል።

ሌላ ቦታ ግን ነገሩ ይለያል። በ2025 የታተመ ጥናት ካሜሩን፣ ኡጋንዳና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ዓይነት አንድ ከተባሉት ወጣቶች 65 በመቶ ያህሉ ላይ ፀረ እንግዳ አካሉን አላገኘም። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን ዓይነት አምስት ብሎ ያን የምግብ እጥረት ስኳር መለሰው።

«የለም» የሚል ውጤት ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ደሙ መቼ እንደተቀዳ ነው። ፀረ እንግዳ አካሉ ከዓመታት በኋላ እየመነመነ ሊጠፋ ይችላል። ኢንሱሊን ላይ ያነጣጠረውማ መርፌ ከተጀመረ በኋላ ቢለካም ትርጉም የለውም፤ መርፌው ራሱ ያመጣው ከበሽታው አይለይም። የገጠሩ ሰው ደግሞ ወደ ምርመራው የሚደርሰው ብዙ ጊዜ መርፌ ከለመደ በኋላ ነው።