ቤትን ለትዳር አጋር ማዛወር፦ ስሙ ሲዞር ዕዳው የት ይቀራል?

ባል ለሚስቱ «ቤቱ ያንቺ ነው» ማለቱ መልካም ነው። ቤቱ ገና የባንክ ብድር ካለበት ግን ቃሉ ብቻውን ቤቱን አያስተላልፍም፤ ዕዳውንም አያነሳም። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። ሚስት «ተሰጥቶኛል» ትላለች፤ ሌሎች ወራሾች «ድርሻችን ነው» ይላሉ፤ ባንኩ ክፍያውን ይጠይቃል። በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከሸሪዓም ከአገራችን ሕግም አንጻር እናያለን።

1. ቤቱ የማን ነው?

በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) መሠረት በጋብቻ ወቅት የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን፣ ብዙ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ስለዚህ ቤቱ የጋራ ከሆነ ባል ሊሰጥ የሚችለው የራሱን ድርሻ ብቻ ነው።

2. ስጦታው መቼ ይጸናል?

በሐነፊና በሻፊዒ መዝሀቦች ሂባ የሚጸናው ተቀባዩ ሲረከበው (ቀብድ) ነው። «ስሞት ያንቺ ይሁን» ከተባለ ወይም በሞት ሕመም ላይ ከተሰጠ ግን የወሲያ ፍርድ ይይዛል። ሚስት ወራሽ ስለሆነች ደግሞ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ ወሲያው አይፈጸምላትም። ቤቱ የሚሰጠው ላልተከፈለ መህር ከሆነ ስጦታ ሳይሆን ዕዳ መክፈል ነውና በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ የቤት ስጦታ በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜ የተደነገገውን ፎርም ካልተከተለ አይጸናም። በቤተሰብ ሕጉ ደግሞ ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ የሚያደርጉት ውል በፍርድ ቤት መጽደቅ አለበት።

3. ዕዳውስ?

ባንኩ በቤቱ ላይ መያዣ አስመዝግቧል። ስለዚህ ያለ እርሱ ፈቃድ ስም ማዞር አይቻልም። በሸሪዓም በረህን የተያዘን ንብረት ያለ አበዳሪው ፈቃድ ማስተላለፍ የእርሱን መብት መንካት ነው። ዕዳን ወደ ሌላ ሰው ማዞርም (ሐዋላ) በብዙ ዑለማዎች ዘንድ የአበዳሪውን ስምምነት ይጠይቃል። በተግባር ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው፦

• ዕዳውን ከፍሎ ከባንኩ የመያዣ ማንሻ ደብዳቤ መውሰድና ስሙን ማዞር፤
• ባንኩ ከተስማማ፣ መያዣው ባለበት ሆኖ ሚስት አዲስ የብድር ውል መፈረም፤
• ክፍያው እስኪያልቅ መጠበቅ። በዚህ ጊዜ ያለው ቃል ኪዳን እንጂ ስጦታ አይደለም።

ከወለድ ነፃ በሆነ አሠራርም ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል። በሙራበሓ ቤቱ የገዢው ሲሆን የቀረው ዋጋ ዕዳ ነው። ባንኩ የቤቱ ሸሪክ በሆነበት ውል (ሙሻረካ) ግን ሊሰጥ የሚችለው የራስ ድርሻ ብቻ ነው።

4. ሞትና ፍቺ ሲመጣ

በሱረቱ ኒሳእ 11ኛና 12ኛ አንቀጾች እንደተደነገገው ውርስ የሚከፈለው ከዕዳና ከወሲያ በኋላ ነው። ሚስት ሟቹ ልጅ ከሌለው 1/4፣ ካለው 1/8 ትወርሳለች። ስለዚህ ቀሪው ብድር ሳይታወቅ ቤቱን መከፋፈል አይገባም። ስሙ ወደ ሚስት ዞሮ እንኳ ክፍያው ከተቋረጠ ባንኩ ቤቱን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። በፍቺ ጊዜም ጥንዶቹ «ዕዳውን እርሱ ይክፈል» ብለው ቢስማሙ ስምምነቱ ያልፈረመውን ባንክ አያስገድድም። ከዚህም ሌላ ለቤተሰቡ ጥቅም የተገባ ዕዳ በቤተሰብ ሕጉ የሁለቱም ዕዳ ነው።

ከመፈረም በፊት

የቀረውን ዕዳ መጠን ከባንኩ በጽሑፍ እንጠይቅ። ቀሪውን ማን እንደሚከፍል በውሉ እናስፍር። ለልጆችና ለሌሎች ወራሾችም በሕይወት እያለን እናሳውቅ። ክርክር ከተነሳ፣ ሁለቱም ወገኖች ከተስማሙ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት የሂባና የውርስ ጉዳዮችን ያያሉ። የእያንዳንዱ ቤተሰብ ሁኔታ ስለሚለያይ ዓሊምም የሕግ ባለሙያም ማማከር ይገባል።

ወላሁ አዕለም።